የአያ ወልዱ አሥረኛ ዘፈን

ባለፈው እሑድ የገዛ እህቴን ሠርግ ምሳ ሳይቀርብ ልበትነው ነበር... ከመፍረዳችሁ በፊት እስኪ መጀመሪያ ስሙኝ።

ሰቆጣ ውስጥ ትንሽ የሞባይል ሱቅ አለችኝ። ቻርጀርም ምናምንም እሸጣለሁ፣ ዋናው ሥራዬ ግን ዘፈን መጫን ነው። ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣና «የሚያስጨፍር የሚያስጨፍረውን ምረጥልኝ» ይለኛል። እኔም ከየአልበሙ አንድ አንድ እየለቀምሁ እሞላለታለሁ።

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት አያ ወልዱ ሱቄ መጡ። አያ ወልዱ ማለት ማሲንቋቸውን ይዘው ከአምደወርቅ እስከ ኒሯቅ ያልዘፈኑበት ዳስ የሌለ፣ በአማርኛም በኽምጣናም የሚያስለቅሱ ሰው ናቸው። ድሮ አንድ ካሴት አውጥተው ነበር። እናቴ ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ፣ ካሴቱን ግን በጨርቅ ጠቅልላ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ፍላሽ አወጡ። አሥር አዲስ ዘፈን፣ ሙሉ አልበም! አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ነው የቀረጹት። ከማውጣታቸው በፊት እኔ እንድሰማላቸው ፈለጉ። ሰማሁት። እውነት ለመናገር ግሩም ነው... ግን ምላሴ አላረፈችም።

«አያ፣ አሁን አልበም ማን ይሰማል? አንድ አንዱን በየሁለት ወሩ ይልቀቁት። ሰው የወደዳትን አንዷን አውርዶ ነው የሚሄደው።»

«ተራውስ?»

«የምን ተራ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። ለካ አሥሩ ዘፈን አንድ የሠርግ ቀን ነው። አንደኛው ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ዳስ ሲገባ፣ ከዚያ እንግዳ ሲበላ፣ ሲጨፈር... እያለ ሄዶ አሥረኛው መሸኛው ነው፣ ሙሽሪት ከቤቷ ስትወጣ።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ ሳትበላ ሸኝቼ አላውቅም» አሉኝ። «ቆራርጠው የሚሰሙት ከሆነ ግን ይቅርብኝ፣ አላወጣውም። ለእህትህ ሠርግ አጫውተው፣ ስጦታዬ ነው። ከዚያ ፍላሹን ትመልስልኛለህ።»

ቅር ብሏቸው ወጡ። እኔ አዋቂ ነኝ ባዩ ደግሞ «ወይ አያ ወልዱ፣ ጊዜው እኮ ጥሏቸው ሄዷል» ብዬ አዘንሁላቸው።

እሑድ ደረሰ። ሙሽራው ከአምደወርቅ ሚዜዎቹን በሚኒባስ አጭቆ መጥቶ ከእህቴ ጎን ገና ወንበር መያዙ ነው። ወጡ ከጓዳ አልወጣም። የሙዚቃው ኃላፊ እኔ ነኝ። የአያ ወልዱን ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁና እንደ ልማዴ «አቀላቅለህ አጫውት» የምትለዋን ነካሁ። ከዚያ ለስላሳ ልከፍት ዞር አልሁ።

ሞንታርቦው መጀመሪያ የለቀቀው የትኛውን ይመስላችኋል? አሥረኛውን!

የመሸኛ ዜማ መሆኑን ሲሰሙ ሚዜዎቹ ብድግ አሉ። አንዱ የእህቴን እጅ ያዘ። እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ «ልጄን! ሳትበላብኝ!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አክስቶቼ እልል አሉ። የሚኒባሱ ሹፌር እንኳ ከውጭ ሰምቶ ሞተር አስነሳ።

በእኛ ዘንድ መሸኛ ከተዘፈነ ሙሽራ አትቀመጥም። አንዴ የተነሳችውን መልሶ ማስቀመጥ ነውር ነው፣ ገዱም አያምርም። ደንግጬ ፍላሹን ነቀልሁት። ብሶ ቁጭ አለ! ሁሉም እንደቆመ ቀረ።

«ተነስታለች እኮ፣ እንግዲህ ትውጣ» አለ አንድ የሙሽራው ወገን።

«ይህ ሁሉ እንግዳ ጦሙን ሊያድር ነው?» አለ አጎቴ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው። እህቴማ በቬሏ ውስጥ ሆና በከንፈሯ ብቻ «እገልሃለሁ» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ይኼኔ አያ ወልዱ ከሽማግሌዎቹ መሃል ቀስ ብለው ተነሱ።

«ዘፈኑ የእኔ ነው አይደል? የእኔ መሸኛ ምርቃቱ መጨረሻው ላይ ነው። ይህ ልጅ ምርቃቱ ጋ ሳይደርስ ቆርጦታል። ምርቃት ካልወጣ ማንም አልተሸኘም። ተቀመጡ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እውነታቸውን ነው» አሉ። ሚዜዎቹም ተቀመጡ፣ ርቧቸው ነበር መሰለኝ ለመቀመጥ አልዘገዩም። አያ ወልዱ ማሲንቋቸውን አወጡና ከአንደኛው ዘፈን ጀመሩ። ላፕቶፑን የነካው የለም። በየተራው ዘለቁት። ምሳ ሲቀርብ የምሳው፣ ጭፈራ ሲደራ የጭፈራው... አንድም ሰው «እሱን እለፈውና ሌላ» ያለ አልነበረም። ማምሻው ላይ መሸኛውን እስከ ምርቃቱ ሲዘፍኑት እናቴ እንደገና አለቀሰች፣ አሁን በቦታው። እኔም አለቀስሁ። ምን አባቴ ልደብቅ?

ሰኞ ጠዋት ፍላሻቸውን ሊወስዱ ሱቅ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ «ንገረኝ እስኪ፣ አልበሙን ልተወው?» አሉኝ። የምራቸውን ነበር። እኒያ ትልቅ ሰው የእኔን አፍ ሲጠብቁ ሳይ ፍላሹን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«ያውጡት አያ። አሥሩንም፣ በተራቸው።»

«ማን ይሰማዋል ያልኸኝ አንተ አይደለህ?»

«ዳስ ሙሉ ሰው ሲሰማ አየሁ እኮ!»

ሳቁ። ፍላሹን መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩትና «እንግዲያው ከአንተ ሱቅ ይጀመር» ብለውኝ ሄዱ።

ስንት ሰው እንደሚያወርደው አላውቅም። እኔ ግን ሱቄ በር ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ፦ የአያ ወልዱን አልበም ነጥለን አንጭንም፤ አሥረኛዋን ብቻ የሚፈልግ መጀመሪያ እናቴን ያስፈቅድ።