በእመቤታችን እግር ሥር ያለችው መጅ

እርጥብ ሲሚንቶ በሸተተኝ ቁጥር፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ግንባታ ስለማይጠፋ ሁሌ ይሸተኛል፣ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ የካቶሊክ ቁምስናችን የጸሎት ዋሻ የተሠራበት በጋ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በፊት የእመቤታችን ሐውልት አጥሩ ጥግ በቆርቆሮ ተጠልላ ነበር የምትቆመው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ሰማያዊ መቀነቷን እያጠበ ስለሚያነጣው፣ ከመስቀል በኋላ አንድ ሰዓሊ መጥቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ እንደገና ይቀባላት ነበር፤ እኛ ልጆች ደግሞ የቀለሙን ጣሳ ለመያዝ እንጋፋ ነበር።

በዚያ በጋ ቄሳችን አባ ከቅዳሴ በኋላ «ለግንቦት ዋሻ እንሠራላታለን፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቤቱ አንድ ድንጋይ ያምጣ» አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት የመካኒሳ ሰፈር ሰዎች ከየግቢያቸው እየፈነቀሉ አመጡ። እኛ ግን የምንኖረው ጎፋ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ድንጋይ ከየት ይመጣል? እማዬን ስጠይቃት «እናያለን» ትለኛለች፣ እሁድ መጥቶ እሁድ ይሄዳል። ጓደኛዬ ቤቲ «እናንተ እኮ ዋሻው ውስጥ የላችሁም በቃ!» ስትለኝ አለቀስኩ።

በማግስቱ እማዬ ሥራ ስትሄድ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የምትደቁስባትን መጅ ከማጠቢያው ሥር አውጥቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ እየጎበጥኩ ወሰድኳት። ከሟች እናቷ የቀረቻት ብቸኛ ዕቃ መሆኗን አውቅ ነበር። ቢሆንም ያው ድንጋይ ነች አልኩ።

ግንበኛው ጋሽ ወልዴ አገላብጠው አይተዋት «አንቺ ሚጡ፣ ይቺን ማን ወለወላት?» ብለው ሳቁና ሐውልቷ በምትቆምበት መደብ ላይ፣ ልክ እግሯ ሥር፣ በሲሚንቶ ገጠሟት።

እማዬ ቤቱን ገለባብጣ ፈለገች፣ ጎረቤት ጠየቀች፣ በመጨረሻ ሙቀጫ ገዝታ መጣች። እኔ ግን መጇ የት እንዳለች አልነገርኳትም።

ግንቦት ገብቶ ለመጀመሪያው የመቁጠሪያ ጸሎት ዋሻው ፊት ስንንበረከክ፣ መሀል ላይ የእማዬ ድምፅ ቆመ። መጇን አይታታለች። ጸሎቱ እንዳለቀ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። ጋሽ ወልዴ ሰምተው ደነገጡ።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ አላወቅኩም! ሐውልቷን አውርጄ፣ መደቡን አፍርሼም ቢሆን አወጣታለሁ።»

ዋሻው ተሠርቶ ካለቀ ገና ሳምንት አልሞላውም። ሰዉ ሁሉ እማዬን ያያል። እሷ ግን ጠጋ ብላ፣ በመፍጨት ብዛት ያለቀው የመጇ ጎን ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«እናቴ ስትፈጭ ከንፈሯ አያርፍም ነበር፣ መጇን በገፋች ቁጥር እመቤታችንን ትጠራለች» አለች። «ይተዋት ጋሽ ወልዴ፤ ቦታዋን አግኝታለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርቱን በሙቀጫ የምትወቅጪው አንቺ ነሽ!» ስትል ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ያን ክረምት ሙሉ ጣቶቼ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እየሸተቱ ወቀጥኩ፤ ደስ እያለኝ።

አሁን ዋሻውን ሊሳለም የሚመጣ ሰው ሁሉ ያችን ልስልስ ድንጋይ ሳይነካ አይሄድም፤ የማን እንደነበረች የሚያውቀው ጥቂት ነው። ያኔ ሰው የሚጸልየው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እማዬ ወጥ እያማሰለች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ካየሁ፣ የማወራላትን አቋርጬ፣ እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።