ያልጠጣው ልጅ ሸሚዝ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ሦስት ነበርን። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ፣ አንዱ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ፣ ሌላው ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ ጨርቅ የሚሸጡ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ። ሃይማኖታችን ትዝ የሚለን የምሳ ዕቃ ስንከፍት ብቻ ነበር።

የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና በጨረስን ቀን፣ አባቴ ለክቡር እንግዳ ብሎ ቡፌ ውስጥ ያስቀመጠውን የአገር ቤት አረቄ በውኃ ፕላስቲክ ገልብጬ ወጣሁ። ጠርሙሱን በቧንቧ ውኃ ሞላሁት። ከምሳ በኋላ ሦስታችንም ከተማችንና ሐይቁ ቁልቁል በሚታዩበት ታቦር ተራራ ላይ ነበርን።

የነጋዴው ልጅ ገና ሳንቀመጥ ቁርጡን ነገረን። «እኔ አልጠጣም። ሳምቡሳ እየበላሁ እስቅባችኋለሁ።»

የሽማግሌው ልጅ በፕላስቲኩ ክዳን ቀድቶ አንድ ጊዜ ጨለጠና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ኧረ እሳት ነው!»

«ከአሁኑ ተለማመደው» አልኩት።

ተለማመደው። አራተኛው ክዳን ላይ ተነሥቶ በአባቱ ድምፅ፣ በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ፣ ሐይቁን በሙሉ ይባርክ ጀመር። እኔ «አሜን» እላለሁ፤ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ የነጋዴው ልጅ ደግፎ ሊያስቀምጠው ጎንበስ ሲል ነጭ ሸሚዙ ላይ አስታወከበት። እኔም እሱን አይቼ መቻል አቃተኝ፤ የነጋዴው ልጅ ጫማ ላይ ለቀቅኩት። ሁለታችንንም እየጎተተ አወረደን፤ ባጃጅ ለምኖ በየቤታችን አደረሰን።

እናቴ አፌን አሸተተችና ፊቷ ተለዋወጠ። «በሁዳዴ! ምን በላችሁበት?»

«ሳምቡሳ።»

«የሥጋ ነው የምስር?»

«የምስር።»

«ተመስገን» ብላ ተቀመጠች። አባቴ ግን ጠርሙሱን ቀምሶ ውኃ መሆኑን ሲያውቅ ቀበቶውን ፈታ። የሽማግሌው ልጅ ቤት ደግሞ ጸሎተኞች ተጠርተው የስካር መንፈስ ሲገሥጹ አመሹ። በማግስቱ «ወጣልህ?» ስለው፣ «እሱማ ታቦር ላይ ነው የወጣው» አለኝ።

እኛ እንዲህ ስንሳሳቅ የነጋዴው ልጅ ከቤትና ከሱቅ በቀር የትም እንዳይረግጥ ተከልክሎ ነበር። አባቱ ሸሚዙን አሽትተዋል፤ «አልጠጣሁም» ሲላቸው ብሶባቸዋል። ስካሩን ይተዉለት ነበር ይባላል፤ ውሸቱ ነው ያቃጠላቸው። ይህን ከታናሽ እህቱ ስንሰማ ሣቃችን ጠፋ።

ሱቃቸው ሄድን። አባቱ ለሦስት ሴቶች መጋረጃ እየለኩ ነበር። ጓደኛችን ከጥቅል ጨርቆቹ ኋላ ሆኖ እንድንሄድ በዓይኑ ለመነን።

«ጋሼ፣ እሱ አልቀመሰም» አልኳቸው። «የጠጣነው እኛ ነን። ሸሚዙ ላይ ያስታወከው ይኼ ነው፤ ጫማው እኔ ነኝ።»

ሜትሩን አስቀመጡት። «ከእናንተ ጋር ምን ይሠራ ነበር?»

«እየሳቀብን ነበር» አለ የሽማግሌው ልጅ።

አንዷ ገዢ በሣቅ ፈነዳች። እሳቸው አልሣቁም። ልጃቸውን ወደ ፊት ጠሩት፤ ሊመቱት ነው መሰለኝ። ትከሻውን ይዘው፣ በገዢዎቹ ፊት፣ «እውነት ነግረኸኝ አላመንኩህም። ይቅር በለኝ» አሉት።

አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። የእኔ አባት ቢሆን ኖሮ ቢበዛ ማታ ትንሽ ሥጋ ያጎርሰኝ ነበር፤ እሱም ፋሲካ ከደረሰ። ጓደኛችን መሬት መሬቱን እያየ አፍንጫውን ጠረገ። የሽማግሌው ልጅ ደግሞ ያለ አንዲት ክዳን እንባው መጣ።

አባትየው ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተ ግን ኑ» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱን፤ ሸሚዙና ጫማው በላስቲክ ታስረው ቧንቧው ሥር ተቀምጠዋል። ሽታው ሌላ ነው። እጅጌያችንን ሰብስበን ማጠብ ጀመርን።

ጓደኛችን በርጩማ አምጥቶ አጠገባችን ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

«ኮሌታው ይቀረዋል» አለ።