ሶስና ያጠፋቻቸው መዝሙሮች

የበደለችኝ ሶስና ናት፤ ጊዜውም ዩኒኮድ የሚባለው ነገር ወደ ቤተ ክርስቲያናችን በገባበት፣ በረዶው አልቀልጥ ባለበት ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ስሟን በክፉ አንስቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን የቤተ ክርስቲያኑን የምሥረታ በዓል ቪዲዮ ላኩልኝ። «መዝሙሮቻችንን ለስክሪን ያበቃች እህታችን» ብለው ያቀረቡት እሷን ነው።

መዝሙሮቹን የተየብኩት እኔ ነበርኩ። ብሩክሊን ፓርክ ካለው መጋዘን ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ በዚያ በሚያንሸራትት መንገድ ድራይቭ አድርጌ እመጣና፣ ከአሜሪካኖቹ በተከራየነው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ በአንድ እጄ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ ይዤ እተይብ ነበር። የያኔው የአማርኛ ፎንት ማታለያ ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ፎንቱ አማርኛ ያስመስለዋል። አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ሁሉም የአማርኛውን ፊደል ራሱን ወደሚያስቀምጠው ዩኒኮድ መቀየር ነበረበት። ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። የድሮውን ፋይል ያነባል፣ የተቀየረውን በሌላ ስም ያስቀምጣል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያያለሁ። ቀርፋፋ ነበር፤ አልክድም።

የመዘምራኑ መሪ መስፍን አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ደስ ይለኝ ነበር። ሶስና ከኮሌጅ ከመጣች ወዲህ ግን ላፕቶፗን ተሸክሞላት መዞር ጀመረ። ላፕቶፕ ምን ያህል ይከብዳል?

«አልሚዬ፣ አንድ በአንድ ስትከፍቺ ልታረጂ እኮ ነው!» አለችኝ። «የኔን ፕሮግራም አንዴ ራን ካደረግሽው እዚያው ፋይሉ ላይ ይቀይረዋል።»

«መጀመሪያ ቅጂ ያዢ።»

«ስትፈራ!» አለችው ለመስፍን። እሱም ሳቀ።

ሥራው ለእሷ ተሰጠ። ፕሮግራሟ መልሶ ሲጽፍ በየትኛው የፊደል ኮድ፣ ኢንኮዲንግ በሚሉት፣ እንደሚጽፍ አልነገረችውም፤ እሱም አማርኛ በማያውቀው ጻፈው። እሑድ ከሰዓት መዘምራኑ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ቆሙ። ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደረደረ። በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት እንኳ በቦታው ነበር፤ ፊደል ግን አንድም የለም።

«ጠላት አገልግሎታችንን እየተዋጋ ነው!» አሉ ፓስተሩ። ጉባኤው እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ዘርግቶ ጸለየ። ሶስና አለቀሰች። መስፍን መሐረቡን ሰጣት። ፋይሉን ያጠፋው ጠላት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ሲጠርግ እያየሁ፣ እኔም አሜን አልኩ።

ስንወጣ መስፍን መኪናዬ ድረስ ተከተለኝ።

«አልማዝ፣ የድሮዎቹን ቅጂ ይዘሻል አይደል? ለሶስና ስጫት፣ ማንም ሳያውቅ ትመልሰዋለች። እንዳታፍር ብዬ ነው።»

እንዳታፍር! የኔን ድካም በእሷ እጅ ሊያስገባ።

«የለኝም» አልኩት።

ቪዲዮው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እሱ ሸብቷል፣ እሷ ወፍራለች። መዝሙሮቹን እንደገና አብረው ሲተይቡ እንደተዋደዱ እየተሳሳቁ ያወራሉ። ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

እኔ ሪችፊልድ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ተዛወርኩ። የለኝም ያልኳቸውን ፋይሎች ቀይሬ ጨረስኩና ለሪችፊልድ መዘምራን ሰጠኋቸው። የሶስናና የመስፍን የሠርግ ጥሪ በፖስታ ደርሶኝ ነበር። አልሄድኩም።