ከድሪቶው ላይ የቆረጥኳት እራፊ

ይህን ለባሌም ለልጆቼም ተንፍሼው አላውቅም። ዱዓ ሳደርግ እንኳ ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ ስሙን አልጠራውም። አሁን ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ።

እናቴ ድሪቶ ትሠራ ነበር። የደብረ ሲና ሰው ለብርድ ይደርበዋል፤ እኛን የሸዋ ሮቢት ወበቅ መች አስደርቦን፣ ጠፍር አልጋ ላይ እናነጥፈዋለን። በእኛ ቤት ግን ምንጣፍ ብቻ አልነበረም። የአባቴ አሮጌ ሽርጥ፣ የሞተችው እህቴ ቀሚስ፣ የእኔም የልጅነት ሻሽ እዚያ ላይ ተጥፏል። ወንድሜ ሰይድ ዘሀራን ከማጀቴ ከተማ ሲያገባ፣ እናቴ ከሙሽራዋ ሻሽ ቆርጣ ከሰይድ ሰማያዊ ሸሚዝ እራፊ አጠገብ ጣፈችው። አሁን የቤቱ ሰው ሆንሽ አለቻት።

የደርግ ጊዜ ነው። ዓመት ሳይሞላቸው ሰይድ ከገበያ ታፍሶ ጦር ሜዳ ተላከ። እናቴ ድሪቶውን ለዘሀራ ሰጠቻት። ጉንጯን ሰማያዊዋ እራፊ ላይ አድርጋ ስትተኛ አያታለሁ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ያሻገረኝ ወንድሜ የእኔ አልነበረም? ያኔ ገና ልጅ ነኝ፤ አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ በአባቴ ምላጭ እራፊዋን ቆርጬ ወሰድኩ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

እናቴ ድሪቶውን አራግፋ አጥር ላይ ስታሰጣ ቀዳዳውን አየች። የወንድ ልብስ ተቆርጦ ሲጠፋ በእኛ አገር ለመተት ነው። ዘሀራ ባሏን አስገድላ ሌላ ልታገባ ነው ተባለ። እናቴ በፍርሃት የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች፤ ልጇ ግንባር ላይ ነዋ።

ዘሀራ እናቴ እግር ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ ወላሂ እጄ አልነካውም። ቁርኣን ያምጡልኝና ልማል።»

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። እራፊዋ ቀሚሴ ውስጥ ናት። ለምን ዝም አልኩ? ዱላ ፈርቼ ነው እያልኩ ስንት ዘመን ራሴን ደለልኩ። ውሸት ነው። እንድትሄድ ስለፈለግኩ ነው ዝም ያልኩት። በማግስቱ ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። እናቴ የሻሿን ቁራጭ ከድሪቶው ፈትታ፣ እጇ ላይ አስይዛ ሰደደቻት።

ሰይድ አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰ። ዘሀራ ያኔ ለሌላ ተድራለች። የነገሩትን አመነ። ስሟን ሳያነሳ፣ ሌላም ሳያገባ ኖሮ ሞተ።

የልጅ ጥፋት ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ይሁን። እናቴ ልትሞት ስትል ግን ልጅ አልነበርኩም። ጎረቤቱን ሁሉ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብላ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ያቺን የማጀቴዋን ልጅ በድያት ይሆን? አጥፍቼ ከሆነ ሄደሽ አፉ አስብይልኝ» አለችኝ።

እጇን ይዤ ነበር። እኔ ነኝ የምትል አንድ ቃል ትበቃ ነበር።

«አልበደልሻትም እማ፤ እሷው ናት የወሰደችው» አልኳት።

ፊቷ ፈታ አለ። አመነችኝ።

እራፊዋ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለች። አውጥቼ አያትና መልሼ እከታታለሁ። ዘሀራ ማጀቴ በሕይወት እንዳለች እሰማለሁ፤ የማጀቴ መኪና ጠዋት ጠዋት በደጄ ያልፋል። ልሳፈር ተነስቼ ነጠላዬን ለብሼ መልሼ የተቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። አፉ በይኝ መባል ያለባት እሷ ናት፤ እናንተ አይደላችሁም። ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝም ለዚህ ነው።