ሁለቱ በተከታታይ፣ አንዱ ለብቻው

ኤሌክትሪክ የተማርኩት ከተበላሹ ቴፖችና ከስልክ ቪዲዮ ነው። አዳማ ውስጥ ስፒከርና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። አንድ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት አልፎ አልፎ ይጠራኛል።

አንድ እሁድ የጠራችኝ ዘማሪ ያን ቀን ብቻዋን ስትዘምር የመጀመሪያዋ ነበር። አባቷ ከወንጂ የሸንኮራ አገዳ ሥራ ጡረታ የወጡ ኦርቶዶክስ ናቸው። “አዳራሽ አልገባም፤ ደጅ ሆኜ ግን እሰማሻለሁ” ብለዋታል። በሩ ላይ ከተተከለው ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ባለ ስምንት ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ፣ ተገናኝተዋል። የጸሎት ቤቱ ኪቦርድ ተጫዋች የድንኳኑን ሦስተኛ ስፒከር ሽቦ እዚያው ላይ ጠምጥሞ ቀጥሎታል። ድምፅ ሲሞከር አምፕሊፋየሩ ጠፋ።

“ስፒከር ተጨመረለት እንጂ ተቀነሰበት? ምን ያኮርፈዋል?” አለኝ ኪቦርድ ተጫዋቹ።

“የምትጨምረው መንገድ ነው። መንገድ ሲበዛ ከአቅሙ በላይ ይስባል።”

ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ይጨነቃል። ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ስምንቶች እንደ አንድ አራት ይቆጠራሉ። ይህ አራትና የድንኳኑ ስምንት ሲጣመሩ ሦስት እንኳ አይሞሉም። የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ደግሞ ከአራት ኦም በታች ክልክል ነው ይላል።

“በቃ፣ የድንኳኑን ንቀለውና እንጀምር” አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ።

“እሱ ከተነቀለ ለማን ልዘምር ነው?” አለች ዘማሪዋ። ወዲያው ግን አፈረች። “ለጌታ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አባዬ…”

የአዳራሹን ሁለቱን በተከታታይ፣ አንዱን ከሌላው ቀጥዬ፣ አሰርኳቸው፤ አሥራ ስድስት ሆኑ። የድንኳኑን ለብቻው ተውኩት። አሥራ ስድስትና ስምንት ጎን ለጎን ከአምስት ትንሽ ያልፋሉ። አምፕሊፋየሩ አልጠፋም። የአዳራሹ ድምፅ ግን ደከመ፣ የድንኳኑ እንዳለ ቀረ።

“አገላበጥከው እኮ!” አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ።

“አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ይሰማል” አልኩት።

ስትዘምር ድንኳኑ ጋ ቆሜ ሽቦውን እጠብቅ ነበር። አባቷ ደህና የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዙረው እስክትጨርስ አልተንቀሳቀሱም።

“ውስጥ ያሉትም እንዲህ ይሰማቸዋል?” አሉኝ።

“ከዚህ ዝቅ ይላል፣ አባባ።”

“ታዲያ እዚህ በመቀመጤ ምን ቀረብኝ?”

ዘማሪዋ በበሩ ብቅ ብላ ወደ አባቷ ወንበር አየች። አባቷ እጃቸውን አነሱላት። ተመልሳ ገባች፤ እኔም የድንኳኑ ሽቦ እንዳይላቀቅ በፕላስተር ጠቀለልኩት።