ተሾመ፣ ሐሙስ ሳይደርስ ትሄዳለህ?

ውሸት ነው አልኩ። ጥሩወርቅ ዛሬ ጠዋት ደውላ «ተሾመ አረፈ» ስትለኝ፣ «ሂጂ እባክሽ፣ ትናንት ሲጨቀጭቀኝ ውሎ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። በገዛ ሚስቱ ላይ። ከዚያ በርገር ሽትራሰ የሚባለው መንገድ መሐል፣ ዳቦዬን እንደያዝኩ፣ መልሼ ደወልኩላት።

ልቡ ነው አሉ። ጊንሃይም ሰፈር፣ ቤቱ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። አንድም ቃል እንዳታለሰልስ ነግሬያታለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ እናንተ እዚህ ያላችሁ ሐበሾች በስልክ የምትለጥፉትን እያነበበችልኝ ነው። ሻማ፣ እርግብ፣ «ታላቅ ሰው አጣን»። ታላቅ ሰው! «ላክሱ»፣ ዓሣው፣ እያላችሁ ትስቁበት የነበራችሁት እናንተ አይደላችሁም? «ጋሽ ተሾመ፣ ሰው በሚቸገርበት ዓለም ለዓሣ ይለቀሳል?» ያላችሁትስ? ኑና ወንዙን እዩ ሲላችሁ «ቴርሚን አለኝ»፣ ቀጠሮ አለኝ መሆኑ ነው። ስብሰባ አለ ሲላችሁ «ቴርሚን አለኝ»። ዛሬ ሁላችሁም ቴርሚናችሁን ሰርዛችኋል። ለሞተ ሰው ጊዜ አላችሁ!

ለማያውቀው ልንገር። ተሾመ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ፌኸንሃይም ሰፈር አንድ ፋብሪካ ውስጥ አብረን አረጀን። ጡረታ ስንወጣ እኔ አረፍኩ፤ እሱ የጀርመን ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ገባ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ትልቁ ወንዝ ወደ ማይን የምትገባ ትንሽ ወንዝ አለች። ላክስ፣ እናንተ ሳልሞን የምትሉት፣ ድሮ ከባሕር እየመጣ እዚያ ይወልድ ነበር። ከዚያ ጠፋ። እነ ተሾመ የዓሣ ጫጩት በባልዲ እየተሸከሙ ለቀቁባት፤ ዓመታት ጠበቁ። መጣ! ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ ተመልሶ መጣ።

ይኸው አሁን ደግሞ አንድ ኩባንያ ከወንዟ ጥግ ጠጠርና አሸዋ ቆፍሬ ላውጣ ይላል። ላክስ እንቁላሉን የሚቀብረው ጠጠር ውስጥ ነው። ቁፋሮው ውሃውን ካደፈረሰው ጭቃው እንቁላሉን ያፍነዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ይህን ለመረዳት ዲፕሎም አያስፈልግም።

ተሾመ አንድ አባባል ነበረችው። ሰው እስኪሰለች ድረስ ይላታል፦ «አራስ ቤት አይቆፈርም!»

ባለፈው ኅዳር፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ለምኖ ለምኖ የቤተ ክርስቲያን እናቶችን በአውቶቡስ ወሰዳቸው። እኔም እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ አንዷ ከቦርሳዋ መጥበሻ አወጣች። ሌላዋ ሚጥሚጣ።

«ጋሼ፣ በምን ልንይዘው ነው?»

«በዓይን!»

«በዓይን ሆድ ይሞላል?»

«ኧረ እናቴ፣ ይቺ እኮ ምጥ ላይ ናት! ምጥ የያዛትን ትጠብሻለሽ?»

እሱ ይህን ሲል ክንድ የምታክል ዓሣ ውሃውን ሰንጥቃ ዘለለች። ባለመጥበሻዋ መጥበሻውን ጥላ እልል አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። የማኅበሩ ሽማግሌ ጀርመን ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ፕስስት! ፕስስት!» ይላል። ተሾመ «ተዋቸው፣ በእኛ ሲወለድ እንዲህ ነው» አለው። ከኋላ ደግሞ አንዷ «ገንፎውስ የታለ?» አለች። ተሾመ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የኩባንያው ሰውዬ «የምንቆፍረው ወንዙ ውስጥ አይደለም፣ አጠገቡ ነው» ሲል ተሾመ ተነሳ። «ሚስትዎ ስትወልድ አልጋው አጠገብ ቢቆፈርስ?» አለው። ሰዉ ሳቀ። «አልቀለድኩም» ብሎ ሳቁ እስኪሞት ድረስ ቆመ። ያን ቀን ከሐበሻ የነበርነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ዋናው ስብሰባ የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት ነው። ባለሥልጣኖቹ ሰዉን ሰምተው ነው የሚወስኑት። ተሾመ ሊናገር ተዘጋጅቶ ነበር። የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ አዳራሹን ባዶ ካዩት «ማንም ግድ የለውም» ብለው ይፈቅዳሉ።

ከቀትር በኋላ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ቀብሩ በዚህ አገር ወረፋ ነው፤ ለቅሶው ግን አይቆይም። ቤቷ ጠባብ ነው፣ ጎረቤቶቿም ጫጫታ አይወዱም።

«ለሐሙስ አዳራሽ እንከራይ» አልኳት።

ዓይኗን ጠርጋ «ሐሙስማ አዳራሽ አለ» አለችኝ።

«የቱ?»

«እሱ ሊሄድበት የነበረው።»

«አበድሽ? ለቅሶ በስብሰባ?»

«የእኛ ሰው ለስብሰባ አይመጣም። ለለቅሶ ግን ከካስል ከተማ ድረስ ይመጣል። አላውቃችሁም?»

ተናደድኩ። እውነቷን ነዋ!

ስለዚህ ስሙኝ። የተሾመ ለቅሶ ሐሙስ ከሰዓት እዚያ አዳራሽ ነው። ለሕዝብ ክፍት ነው። ጥቁር ልበሱ፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቁ። ሙሾ የለም፣ ደረት መምታት የለም። ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው፤ እሱን እንኳን ታውቁበታላችሁ። ማን ናችሁ ካሏችሁ «የዚያ ሰውዬ ለቅሶ ደራሾች» በሉ። በእሱ ፈንታ እኔ እናገራለሁ። ጀርመንኛዬ የፋብሪካ ነው፤ በማሽን ጩኸት መሐል ሲሰማ የኖረ ስለሆነ እዚያም ይሰማል።

ሐሙስ ቀርቶ ዓርብ ቤቷ የሚመጣ ካለ ደግሞ፣ በር ላይ የሚያገኘው እኔን ነው።

ተሾመ! አንተ ግትር! ዕድሜህን ሙሉ ቀድመኸኝ እየደረስክ «አረፈድክ» ስትለኝ ኖርክ፤ አሁንም ቀደምከኝ። ተናድጄብሃለሁ። ከነገ ጀምሮ ማን ይጨቅጭቀኝ?

እናሸንፋለን ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ባለሥልጣን አውቃለሁ። አዳራሹ ባዶ እንደማይሆን ግን ቃሌ ነው።

በል ሂድ። እግዚአብሔር ውሃው ከጠራበት ዳር ያስቀምጥህ። ደህና ግባ፣ ወንድሜ።