ከመፍቻው ሥር ያለችው ከተማ

ጋሽ በረሃ በረሃን በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። ስሙ የወጣላቸው ከጠረጴዛቸው ነው። በሚሠሩበት የካርታ ክፍል፣ ለትምህርት ቤቶች ግድግዳ የሚሆነው ትልቁ የአገር ካርታ በስድስት መልክዓ ምድራዊ ክልሎች ተከፍሎ ይሣላል፤ ጠረፉ፣ ሜዳው፣ ደኑ፣ ተራራው፣ አምባውና በረሃው። ለእያንዳንዱ ክልል አንድ ጠረጴዛ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ሠራተኛ አለ። ሰው አንዴ ክልል ከተሰጠው ጡረታ እስኪወጣ አይለቅም። ቀለሙን የሚበጠብጠው እሱ፣ በየዓመቱ ከዳር እስከ ዳር የሚቀባውም እሱ ነው። የውኃው መጠን ትንሽ ከተዛነፈ የዘንድሮው ተራራ ከአምናው ስለሚለይ፣ የክፍሉ አለቃ ሰው ማቀያየር አይወዱም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰዉ ሁሉ በክልሉ ይጠራ ጀመር። ጠረፉን የምትቀባው ሴትዮ እትዬ ጠረፍ ነች። ተራራውን የያዘው ጎልማሳ ቁመቱ ከበሩ እጀታ ብዙም የማይዘል ቢሆንም፣ ስሙ ተራራው ነው። ጠረጴዛዎቹም የተደረደሩት እንደ ካርታው ነው፤ ጠረፍ በመስኮቱ በኩል፣ በረሃ ከበሩ አጠገብ ጥጉ ላይ። መቀስ ሊዋስ የተነሣ ሁሉ "ድንበር ልሻገር ነው" ይላል። በመስኮቱ ዝናብ ሲገባ እትዬ ጠረፍን "ማዕበል ተነሣብሽ" ይሏታል። ሁሉም ስለ ክልሉ ተወልዶ እንዳደገበት ይከራከራል፤ ከመካከላቸው ግን ሄዶ ያየ የለም ማለት ይቻላል።

የጋሽ በረሃ ሥራ ላላወቀው ቀላል ይመስላል። ሌሎቹ በወንዝና በሐይቅ፣ በመንገድና በከተማ መሐል ብሩሻቸውን ሲያጠማዝዙ፣ እሳቸው ያን ሁሉ ስፋት አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ያለብሳሉ። ነገር ግን ያን ያህል ስፋት ያለ አንዲት ነጠብጣብ ማልበስ የረጋ እጅ ይጠይቃል። ቀለሙ ሲደርቅ ደግሞ ከታች ባለው ጥግ ላይ መፍቻውን ይለጥፋሉ። መፍቻው የትኛው ቀለም የትኛው ክልል፣ የትኛው ነጥብ ከተማ፣ የትኛው መስመር መንገድ እንደሆነ የሚናገረው ሳጥን ነው። በረሃው ላይ የሚለጠፈው ቦታው ባዶ ስለሆነ ነው ይባላል። ከሳቸው በፊት ጠረጴዛውን የያዙት ሰውዬ እንዲህ አሳይተዋቸው ሄዱ፤ እሳቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ፀጉራቸው ሸበተ።

ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ አዋላጅ ሆና ተመረቀችና የተመደበችው በረሃው ውስጥ ወዳለች ከተማ ሆነ። ካርታ ክፍሉ ሙሉ ቀን ሳቀ። ጋሽ በረሃም ከሰው ጋር ሳቁ፤ ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች ብለው ነበር። እሷ ግን እዚያው የውኃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው አገባች። ይሄን ሲሰሙ የከተማዋን ስም ይዘው ካርታቸው ላይ ፈለጉ፤ አጡት። ልጅቷ ለዕረፍት መጥታ ሳለ፣ እናቷ ፊት፣ "እዚያ ምንም የለም። ከኔ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? በእጄ ነው የምቀባው" አሏት።

"ማንም ከሌለ ማንን ነው የማዋልደው፣ አባባ?" አለች።

እሳቸውም ተቆጡ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ አላበቃም። ካመት በኋላ ባልየውን ትታ እዚሁ ትቀርልናለች ብለው፣ እናትሽ በሞት አፋፍ ላይ ናት የሚል የሐሰት ወሬ ላኩባት። ልጅቷ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ፣ አቧራ እንደለበሰች ስትደርስ፣ እናቷ ከጎረቤት ጋር እየሳቁ ልብስ ሲያሰጡ አገኘቻቸው። ቁጭ እንኳ ሳትል በመጣችበት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አባትየው ሥራ በሚውሉበት ሰዓት እየደወለች እናቷን ብቻ ታነጋግር ነበር።

አሁን እናትየዋ የምር ታመሙ። በሽታው ጉሮሯቸውን ስለያዘው ድምፃቸው ለአጠገባቸው ሰው እንኳ በግድ የሚሰማ ሆነ፤ በስልክማ የማይታሰብ ነው። ልጅቷ ስትደውል ጎረቤት እያነሣች፣ ላለማስደንገጥ፣ ተኝተዋል ትላታለች። ሐኪሙ ጋሽ በረሃን ኮሪደር ላይ አቁሞ ጊዜው አጭር መሆኑን ነገራቸው። ማታ ባለቤታቸው እጃቸውን ሳብ አድርገው፣ ጆሯቸው ሥር፣ "ልጄን አምጣልኝ" አሏቸው። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

በማግሥቱ ከአለቃው ቢሮ ደወሉ። ከዓመታት በኋላ የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ያሰቡት ሁሉ ጠፋባቸውና እናትሽ ታማለች፣ ነይ ብቻ አሉ።

"ይሄን ቃል አንዴ ሰምቼዋለሁ፣ አባባ።"

"አሁን እውነቴን ነው።"

"ያኔም እውነት ነው ብለህ ልከህብኛል። ደግሞስ ከሌለ አገር ሰው እንዴት ይመጣል? እውነት ከሆነ አንተ ና። ፊትህን አይቼ ልወቅ።"

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ በረሃ ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው መንገዱን ሊፈልጉ ካርታው ላይ አጎነበሱ። ከአምባው የሚወርደው መንገድ በረሃው ውስጥ ይገባና መፍቻው ሳጥን ጫፍ ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። በየዓመቱ ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው። መንገድ መሐል ሜዳ ላይ ቁርጥ ብሎ እንደማይቀር ግን ያን ቀን ገና አሰቡት። ምላጫቸውን አንሥተው የሳጥኑን ጠርዝ ቀስ አድርገው ገለጡት።

መንገዱ ከሥሩ ይቀጥላል። ቀያሾቹ ያስቀመጧቸው የጉድጓድ ምልክቶች ተራ በተራ ተሰልፈዋል። መጨረሻው ላይ ነጥብ አለ፤ ከነጥቡ አጠገብ፣ ብሩሻቸው በየዓመቱ ሳያነቡት ያለፈበት የልጃቸው ከተማ ስም በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እትዬ ጠረፍ ቀለም ልትዋስ መጥታ ከትከሻቸው በላይ አየችው። የምትቀልድበት ነገር ስታጣ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ብርጭቆ ሻይ አምጥታ አጠገባቸው አኖረችና ተመለሰች።

ጉዞው ሲሰማ ግን ሁሉም በየክልሉ መላክ ጀመረ። ተራራው "አደራ፣ ሲያልፉ ተራራዬን ቀና ብለው ይዩልኝ" አላቸው፤ አምባውን የያዘው ሰውዬ ደግሞ ቡናማው የምር ቡናማ መሆኑን እንዲያረጋግጡለት ለመናቸው። ባለቤታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ተሳፈሩ።

ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠው መስመሩን ጠበቁ። በካርታው ላይ ቡናማው አምባና ቢጫው በረሃ የሚለያዩት እንደ ምላጭ በቀጠነ መስመር ነው፤ ያን መስመር ስንት ዘመን እስትንፋሳቸውን ይዘው በብሩሽ ጫፍ ተከትለውታል። በሁለተኛው ቀን መንገዱ መውረድ ሲጀምር ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ሣሩ ይሳሳል እንጂ አያልቅም። ዛፎቹ እንደ ተኳረፉ ሰዎች እየተራራቁ ሄዱ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና በረሃው የቱ ጋ እንደሚጀምር ሹፌሩን ጠየቁት።

"እሱማ እንደ ሰዉ ነው፣ አባት" አለ ሹፌሩ። "አንዱ ሹራቡን ሲያወልቅ ጀመረ ይላል፣ ሌላው የያዘውን ውኃ ጠጥቶ ሲጨርስ። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስመላለስ ሲጀምር ይዤው አላውቅም።"

ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቁ። ጋሽ በረሃ ሹራባቸውን አዩ፤ መቼ እንዳወለቁት አያስታውሱም። ጭናቸው ላይ ነበር።

ከተማዋ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር። አዋላጇን ብለው ሲጠይቁ አንዲት ሴት ሻንጣቸውን ተቀብላ ፊት ፊት ሄደች፤ ይችን እሷ ነች ያዋለደችኝ፣ ያንንም እሷ ነች እያለች በየበሩ የሚጫወቱትን ልጆች ታሳያቸዋለች። ክሊኒኩ በር ላይ እናቶች በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ በረሃ ቦታ ሲለቁላቸው አልቀመጥም ብለው ቆሙ።

ልጅቷ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ወጣችና ደርቃ ቀረች። ፊታቸውን አየች፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ሞላ።

"እውነት ነው" አለች።

"እውነት ነው፣ ልጄ። ድምፅዋም ሄዷል። አምጣልኝ ብላኛለች።"

ልጅቷ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። "አገሩን አየኸው?"

"አየሁት።" ወደ እሷ ጠጋ አሉ። "ካርታው ላይም አለ። መፍቻውን ከላይ የምለጥፍበት እኔ ነኝ። ከሥሩ ነው ያለሽው።"

"በላዬ ላይ ወረቀት ለጥፈህ ነው የለም ያልከኝ?"

"አላወቅኩም ነበር" አሉና፣ ወዲያው ራሳቸው ቃሉ ስላልበቃቸው፣ "ላውቅ ግን እችል ነበር። መግለጥ ብቻ ነበር የሚፈልገው" አሉ።

ልጅቷ የአንዷን እናት ተራ ጨርሳ፣ የቀሩትን ለባልደረባዋ አስረክባ፣ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ወደ ቤት ይዛቸው ሄደች። አማቻቸው ከፓምፕ ሥራ ሲመጣ እጁ ግራሶ ብቻ ነበር። እንዳያቆሽሻቸው ብሎ በክንዱ ሊጨብጣቸው ቢዘረጋ፣ ጋሽ በረሃ ክንዱን ትተው እጁን ፈልገው ያዙት። "ይቅርታ አድርግልኝ" አሉት። ሰውየው ተሸማቀቀና "ኧረ አባባ፣ እርስዎ እኮ ደከመዎት፤ ይቀመጡ" ብቻ አለ። ማለዳ አባትና ልጅ ተሳፈሩ። በመንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገሩም፤ ግን ስትተኛ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣለች፤ እሳቸውም ትከሻቸው እስኪደነዝዝ አልተነቃነቁም።

እናትየዋ በሩ ሲከፈት ሁለቱን ባንድ ላይ አዩ። ልጅቷ ጆሮዋን አፋቸው ላይ ስታደርግ፣ "አንቺስ ፀሐዩ ልማድሽ ነው፤ እሱን ማን አጠቆረብኝ?" አሉ። ከዚያ በኋላ የቀራቸውን ጥቂት ጊዜ በልጃቸው እጅ እየታጠቡ፣ በልጃቸው እጅ እየጠጡ አሳለፉት። ያረፉትም እጇን እንደያዙ ነው።

ጋሽ በረሃ ወደ ሥራ ሲመለሱ የአዲሱ ዓመት ካርታ ተጀምሮ ነበር። ቢጫቸውን ቀብተው ጨረሱ፤ መፍቻው ላይ ሲደርሱ ግን ሳጥኑን በእጃቸው እንደያዙ ክፍሉ መሐል ቆሙና እዚህ አልለጥፍም፣ ከሥሩ ሰው አለ አሉ። አለቃው ታዲያ የት ይሁን ብለው ጠየቁ። ሜዳውን የያዘው፣ እኔ ጋ እርሻ ነው አለ። ደኑን የምትቀባው ደግሞ፣ ወፍ እንኳ የምታርፍበት ቦታ የለኝም አለች። እትዬ ጠረፍ ወደ ባሕሩ ሲያዩባት ደሴቶቿን በሁለት እጇ ሸፈነች። ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ፤ ባዶ የሆነ ክልል ግን አልተገኘም። አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው ሲያሹ ቆዩና፣ መፍቻው ከፍሬሙ ውጪ፣ ከሥር እንዲሆን ወሰኑ። ወረቀቱ ግን የሚረዝም አይደለም። ስለዚህ አገሪቱ በሙሉ ጥቂት አንሳ እንደገና ተሣለች፤ ሁሉም የጀመረውን ትቶ ከዜሮ ጀመረ።

አንድ ሳምንት ያህል ማጉረምረም ነበር። እትዬ ጠረፍ የጠበቡ ደሴቶቿን በቀጭን ብሩሽ እየተከተለች፣ ቀና ሳትል፣ "ለርስዎ ልጅ ስንል ሁላችንም ጠበብን እኮ፣ ጋሽ በረሃ" አለች።

ጋሽ በረሃ ጥጋቸው ላይ የከተማዋን ነጥብ እያኖሩ ነበር። እስኪጨርሱ እስትንፋሳቸውን ያዙ፤ ከዚያ ብሩሹን አስቀመጡ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ።